ዓሣ የምትበላ ላም

ነገሌ መናኸሪያው ጥግ አንድ ወጣት ዓሣ እየጠበሰ መሸጥ ጀምሯል። በርሜል ቆርጦ ምድጃ አበጅቷል፤ ዘይቱ ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል፤ የቦረና ልጆች ሳይቀሩ ከበው ቆመው በጣታቸው እየፈለፈሉ፣ ሚጥሚጣ እያስነኩ ይበላሉ። በእኔ ጊዜ አንድ ቀን እንዲህ ይሆናል ያለ ሰው ቢኖር አብዷል ይባል ነበር። ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ መድኃኒት ልገዛ ስወጣ በዚያ አለፍኩ። ከልጁ ምድጃ አጠገብ ወተት ሻጮቹ ሴቶች ዕቃቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ነፋሱ ዞር ሲል የዓሣው ሽታ፣ የወተቱ ሽታና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት እንጨት ጭስ አንድ ላይ ሆነው ፊቴን መቱኝ። እግሬ አልሄድም አለ።

«አዴ፣ እናቴ፣ ደከመዎት እንዴ? ይቀመጡ እንጂ» አለ ልጁ በርጩማ እየጎተተ። «አንድ ዓሣ ላውጣልዎት?»

«ተወው ልጄ፣ ሽታው ይበቃኛል።»

ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ ምን ያውቃል። እኔ በዚያች ደቂቃ ነገሌ አልነበርኩም። ዶሎ ነበርኩ፤ ገናሌ ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ፣ ባሌ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ቆሞ፣ ጎረቤቴ ሎኮ ደግሞ ከኋላዬ ልጇን አዝላ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። የጃንሆይ ዘመን ነው፣ ይኸው ነው። እኛ ዓመት የምንቆጥረው በዝናብ ነበር፤ ዝናቡ ሲቀር ቆጠራውም ይቀራል። አባቴ ወደ ጦር ሠፈሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው። ስኳር በጋዜጣ ጥቅልል ይሰፈራል፣ ላምባ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ባለ አበባው ሽቲ ጨርቅ ከታች ከሶማሌ በኩል በግመል ይመጣል፣ በስሙኒ እፍኝ ሙሉ ከረሜላ ይገኛል። የጎረምሳው ሱሪ ከታች ሰፊ፣ ፀጉሩ ከላይ ሰፊ ነው። ከሰዓት በኋላ አባቴ ባለ ባትሪውን ራዲዮ ባንኮኒው ላይ ያወጣና የሱዳን ዘፈን ይከፍታል፤ ወታደሮቹ አንድ ክብሪት ሊገዙ መጥተው ዘፈኑ እስኪያልቅ ይቆማሉ። ሳልህ የመጣው እንዲያ ባለ ሰዓት ነው። ካኪው በካውያ ተተኩሶ ጣት ይቆርጣል። «መንጠቆ አለ?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ጓዳ ገብቶ የበግ ሥጋ የሚሰቀልበትን ብረት ይዞለት ወጣ። ሳልህ ብረቱን አየው፣ አባቴን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝና «ይህን የሚውጥ ዓሣ ካለ እኔ አልችለውም» አለ። በዚያ በቀይ አቧራ አገር የዓሣ መንጠቆ የጠየቀ ሰው ከሱ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዓመት ሳይሞላ አገባሁት።

የምጽዋ ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ጀልባ አልነበራቸውም፤ የሚያጠምዱት ከባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ቆመው ነው። ማዕበሉ መጥቶ ጉልበታቸውን ሲመታ ክሩን ከራስ በላይ አዙረው ይወረውሩታል፣ ከዚያ ክሩን በሌባ ጣት ይዞ መጠበቅ ብቻ ነው። «ዓሣውን የሚያየው ጣቴ ነው» ይለኝ ነበር። ነገሌ ላይ ምን ያድርግ? አንዳንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ክሩን ዶሮዎቹ ላይ ይወረውር ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅበት እኔ አብሬ እስቅ ነበር፤ ግን ናፍቆቱ ይገባኝ ነበር።

ወደ ዶሎ ሲዛወር ዘመድ ሁሉ አለቀሰልን። ዶሎ የቅጣት አገር ተብሎ ነው የሚታወቀው፤ ሙቀቱ ድስት ያፈላል፣ ከነገሌ ወርዶ ለመድረስ አንጀት ይላላል። እሱ ግን ሁለት ወንዝ የሚገናኝበት አገር ነው ሲባል ሰምቶ ኤንትሬው የጭነት መኪና ላይ እየዘፈነ ወረደ። ገናሌን ያየ ጊዜ መኪናው ሳይቆም ሊዘል ትንሽ ነው የቀረው። መጀመሪያ ባገኘው የእረፍት ቀን ከሽቦ መንጠቆ አበጀ፣ ለክብደት የሚሆነውን እርሳስ ከጥይት ላይ አቀለጠ፣ አለቃው ቢያውቅ ምን እንደሚለው እንጃ። ከዚያ የሠርግ ማንኪያዬን አንስቶ እጀታውን ቆረጠና ጫፉን በሳው።

«ወንዙ ሲጠራ ይህ ሲብለጨለጭ ትልቁ ዓሣ ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል» አለኝ። «ወንዙ ሲደፈርስ ግን አያየውም፤ ያን ጊዜ የሚሸት ሥጋ ነው መንጠቆው ላይ የሚሰካው።»

«እኔስ ሾርባዬን በምን ልጠጣ?»

«በመንጠቆ።»

ጎረቤታችን ሎኮ የምትባል የቦረና ሴት ነበረች። ባሏ ጉዮ ከብት ነበረው፤ እሷ ጠዋት ጠዋት ወተት ታመጣልኛለች። ረጅም ናት፣ አንገቷ ላይ የዶቃ ዓይነት አይቀራትም፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። «ናጋ ቡልቴ?» ብላ፣ በሰላም አደርሽ ማለቷ ነው፣ ትገባና እኔ በአማርኛ እሷ በኦሮምኛ ጀምረን መሀል ላይ ተቀያይረን እንጨርሳለን። ሳልህ የመጀመሪያውን አምባዛ ትከሻው ላይ ጥሎ የመጣ ቀን ሎኮ ቤቴ ተቀምጣ ነበር። ዘላ ተነሳች።

«ያ ዋቃ! ዘይነባ፣ ባልሽ ቦፋ ይዞ ገባ!» ቦፋ የምትለው እባብ ነው።

«እባብ አይደለም፣ ዓሣ ነው።»

«እግር አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያ ቦፋ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ አልገባም አለች። ወተቱን ከደጅ ታቀብለኛለች፣ እኔ ነኝ እሷ ጎጆ እየሄድኩ የምቀመጠው። የቦረና ሰው ዓሣ አይበላም፤ ሰው ቢሞት እንኳ አይታሰብም። አልፈረድኩባትም። እኔም የማልበላው አለኝ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ትልቁም ቀረ፣ ትንሹም ቀረ፣ ተከታዩም ቀረ። ሣሩ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ኋላ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ከብቶቹ ቆመው መሞት ጀመሩ፤ አንዷ በግራር ሥር ቆማ አይቻት ውኃ ቀድቼ ስመለስ ወድቃ አገኘኋት። አሞራው እንኳ ጠግቦ አይበርርም ነበር። ጉዮ መራመድ የሚችሉትን ከብቶች ነድቶ ሣር አለ ወደተባለበት ወደ ደቡብ ሄደ። ሎኮ ገና መውለዷ ስለነበረ ቀረች። ኡርጂ የምትባል አንዲት ላም ተወላት፤ ግንባሯ ላይ ኮከብ የመሰለ ነጭ ነገር ያላት ጥቁር ላም። ልጁን ቦናያ አለችው፣ በበጋ የተወለደ ማለት ነው።

የኡርጂ ጥጃ ሞተ። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን አትለቅም፤ ስለዚህ ሎኮ የጥጃውን ቆዳ ገፍፋ፣ ውስጡን በገለባ ሞልታ ሰፋችውና ላሟ ፊት አቆመችው። ኡርጂ ያን ገለባ የሞላው ልጇን እየላሰች ወተቷን ትሰጥ ነበር። ሳልህ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ሎኮም እንደኔ ታጠምዳለች» አለኝ። ቀልዱ የሱ ነበር፣ ግን አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ ቆዳውም አልሠራ አለ፤ ላሟ የምትበላው የላትማ። ወተቱ ከጣሳ ወደ ሲኒ ወረደ። የሎኮም ጡት ደረቀ። ሱቅ ውስጥ የዱቄት ወተት ነበረ፣ አለቀ። ስንቅ የሚያመጣው መኪና ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እየተባለ ቀረ። ቦናያ መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፤ ኋላ ማልቀሱን ተወ። ይህን ያየች ሴት ታውቀዋለች፣ ልጅ ማልቀስ ሲተው ነው የሚያስፈራው። ዓይኑ ትልቅ ሆነ፣ የራስ ቅሉ ላይ ያለው ለስላሳ ቦታ ጎደጎደ።

እኛ በልተን እናድር ነበር። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ወንዙ ጎድሎ ዓሣው ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ታጭቆ ነበርና ሳልህ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ጦር ሠፈሩ ሁሉ ዓሣ በዓሣ ሆነ። አንድ ቀን የዓሣ ሾርባ አጥልዬ በኩባያ ይዤ ሎኮ ጋ ሄድኩ።

«አንቺ ጠጪው። ጡትሽ ቢመለስ» አልኳት።

ኩባያውን አየችው። እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ማን ያያታል ብለሽ ነው? እሱን አውቃለሁ፣ ማንም አያየኝም። ግን ጉዮ ሲመጣ በየትኛው አፌ ነው ናጋ የምለው?»

«ጉዮ ሲመጣ ልጁን ካላገኘውስ?»

ልጁን ወደ ደረቀው ጡቷ አስጠጋችው። ቤቴ ገብቼ ኩባያውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ተናደድኩባት። ተናድጄ ስጨርስ ደግሞ አለቀስኩላት።

ሳልህ ግድግዳው ላይ የሚወርደውን ሾርባ እያየ ተቀመጠ። ከዚያ «በኛ አገር ፍየሎቹ ዓሣ ይበላሉ» አለ። አፌዘብኝ ብዬ ዞር አልኩበት። «እውነቴን ነው። ባሕሩ ዳር ሣር የለም። ትንንሹ ዓሣ አሸዋ ላይ ይደርቅና ይወቀጣል፣ ለፍየሉም ለላሙም ይሰጣል፤ ወተቱን ጠጥቼ ነው ያደግኩት። ሎኮ አትብላ። ላሟ ትብላ።»

ሎኮ ስንነግራት ደነገጠች። «ይህን እኔ አልወስንም፣ አባ ጂሎ ይወቁት» አለች። አባ ጂሎ ከሽማግሌዎቹ መካከል ያልሄዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከብታቸው በሙሉ በዙሪያቸው አልቆ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ሳልህ ፊታቸው ቁጢጥ ብሎ አስረዳቸው። እስኪጨርስ ሰሙት።

«ይህ የውኃ ነገር ምን ይበላል?» አሉ በመጨረሻ።

ሳልህ ውሸት አያውቅም። «አባባ፣ አሁን ወንዙ ደፍርሷል፤ መንጠቆዬ ላይ የምሰካው ከሞቱት ከብቶች ጉበት ነው። እሱን ነው የሚበሉት» አላቸው። አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ከብታችንን በልቷል ማለት ነው» አሉ አባ ጂሎ።

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያ ይመልስ።»

ግን ሁለት ነገር አስጠነቀቁ። ላሟ በገዛ አፏ ትብላ እንጂ ማንም መንጋጋዋን ፈልቅቆ እንዳያጎርሳት፤ ሎኮም በእጇ እንዳትነካው።

ሳልህ ዓሣውን ሰንጥቆ ቋጥኝ ላይ አደረቀ፣ ወቀጠ፣ ከግራር ፍሬ ጋር ቀላቀለ። ለላሟ ሲዘረጋላት ኡርጂ አሸተተች፣ አፍንጫዋን ነፋችና ወደ ኋላ ሸሸች። የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ የሚቆጠር ላም፣ ቆማ መውደቅ የቀራት፣ ምግብ ጥላ ትሸሻለች! ሳልህ ተከተላት፣ ሸሸች። ለመናት፣ በዓረብኛ ሁሉ ለመናት። አባ ጂሎ በዱላቸው ተደግፈው ያያሉ። ሎኮ ቦናያን አቅፋ ቆማለች፤ የልጁ እጅ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

ሎኮ ልጁን ለኔ ሰጠችኝ። ጎጆዋ ገብታ ከሶዳ የጨው ጉድጓድ የሚመጣውን ጥቁር ጨው አንድ ቁራሽ አወጣች፣ ከብት የሚሞትለትን ጨው። ከዚያ አባ ጂሎን አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት። ከዚያ ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩና ፊታቸውን ወደ ገናሌ አደረጉ።

«እኔ ወንዙን እያየሁ ነው» አሉ።

ሎኮ እጇን ዱቄቱ ውስጥ ከተተች። ፊቷ ሲኮማተር አየሁ፣ እንደ እሳት ነው የያዘችው። ጨውን አሸችበትና መዳፏን ለላሟ ዘረጋች፤ ከብት የሚጠራበትን ያን ስስ ዜማ በጉሮሮዋ እያወጣች። ኡርጂ ቀረበች። አሸተተች። ላሰች። ከዚያ በላች። ሳልህ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወተቱ ተመለሰ። ብዙ አይደለም፣ ግን ለአንድ ልጅ ይበቃል። ችግሩ ዓሣ ዓሣ ይሸታል! ሎኮ የመጀመሪያውን ቀን አሽትታ ትውከት አፏን ሞላው። ቦናያ ግን ምን ያውቃል፣ ጠጣ። ቦረናዎች የወተት ዕቃ በጭስ ያጥናሉ፤ እሷ ሽታውን ለመግደል ጭሷን እጥፍ አደረገችው። ስለዚህ ያ ወተት ከላይ ጭስ ከሥር ዓሣ ነው የሚሸተው። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚሸት ሌላ ወተት ያለ አይመስለኝም። ልጁም አንድ ቀን እንደገና ማልቀስ ጀመረ፤ እኔና ሎኮ ተቃቅፈን በለቅሶው ሳቅን።

አልቆየም እንጂ። ወንዙ ይበልጥ ጎደለ፣ ዓሣው ተለቅሞ አለቀ፣ የቀረው ጥልቁ ውስጥ ገባ። አዞዎቹም እዚያው ናቸው። ሳልህ ጠዋት ከቆመ እኩለ ቀን ድረስ ጣቱ ላይ ክሩን ይዞ ይቆማል፤ አሸዋው የተረገጠ እሳት ነው። ደፍራሳው ረግቶ ውኃው ሲጠራ ማንኪያዬን ማሠር ጀመረ። አንዲት ዓሣ ይዞ ሲመጣ ለእኛ አይደለም፣ ለላሟ ነው። እኛ የተቆላ በቆሎ እንቆረጥም ነበር። እርጉዝ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ለሳልህ ስነግረው መጀመሪያ ያለው «ዛሬም አንድ ብቻ ነው የያዝኩት» ነው። ወታደሮቹ ይስቁበት ነበር፣ ለላም ዓሣ የሚያጠምድ አስር አለቃ እያሉ። ኋላ ግን መሳቃቸውን ትተው ውኃው ለሚደፈርስበት ቀን በየተራ ጉበት ያመጡለት ጀመር።

ድንገት ወደ ነገሌ ተመለሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ በየጦር ሠፈሩ ማጉረምረም አለ ይባላል፣ ነገሩ ከኛ አቅም በላይ ነበር። ሎኮን አብረሽን ነዪ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«ላሟ መኪና ላይ አትወጣም» አለች። «ጉዮም ሲመጣ እዚህ ነው የሚፈልገኝ።»

«ማን ያጠምድልሻል?»

ወደ ሳልህ ዞረች። «አሳየኝ» አለች።

እግዜር ያሳያችሁ። ቦፋ ብላ ከቤቴ የሸሸች ሴት ልብሷን ሸብ አድርጋ፣ ልጇን አዝላ ገናሌ ውስጥ ገባች። ሳልህ ክሩን ከራሷ በላይ እንዴት እንደምታዞረው አሳያት። መጀመሪያ መንጠቆው ልብሷን ያዘ፣ ቀጥሎ የሱን ቆብ ወሰደ። «ጣትሽ ነው የሚያየው፣ ጣትሽን ስሚው» ይላታል። አባ ጂሎ ግራሩ ሥር ናቸው፤ ከዚያ ሆነው «እጅ ይታጠባል» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለማን እንዳሉት እንጃ። መኪናው ሲነሳ ሳልህ ክሩንም፣ ማንኪያዬንም ለሎኮ ሰጣት። ኤንትሬው አቧራውን አስነስቶ እስኪጋርዳት ድረስ ከራሷ በላይ ስታዞረው አየኋት። አንድም ዓሣ ስትይዝ ግን አላየሁም።

ነገሌ ገባን፣ ወለድኩ። ልጄን እያጠባሁ ሳለ አንድ ሾፌር የኛን ቤት ጠይቆ መጣ። የወተት ዕቃ ይዟል፣ በቆዳ የተለጎመ።

«ዶሎ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማኝ ነው። ለዓሣ ሰውዬው ሚስት ስጥልኝ አለች።»

«ልጅ አዝላ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ እህቴ። ሞተር አላጠፋሁም፣ ጀርባዋን አላየሁም።»

ክዳኑን ከፈትኩት። ወተቱ መንገድ ላይ ረግቷል። ከላይ ጭስ፣ ከሥር ዓሣ። ሳልህ አፍንጫውን ከቶ አሸተተና ልጅ ሆነ፣ ዘለለ፣ ግድግዳውን በቡጢ መታ። «ይዛለች! ሎኮ አጥምዳለች! ላሟ በልታለች፣ ወተቱ ተርፏት ላከችልን፣ ቦናያ ጠግቧል ማለት ነው!» እያለ ለሾፌሩ ሻይ፣ ለጎረቤት ሁሉ ወሬ አደለ። እኔ ልጄን ጡቴ ላይ እንደያዝኩ ዕቃውን እያየሁ ቀረሁ። በዚያ ችጋር ከአንዲት እናት እጅ ወተት የሚተርፈው ልጇ ሲጠግብ ነው። ወይም የሚጠጣው ልጅ ከሌለ። ይህን ለሳልህ አልነገርኩትም። ዘመኑ ተገለባበጠ፣ እሱም ወደ ሰሜን ተላከ፣ ያን ደስታውን ይዞ እንደሄደ አልተመለሰም። ዶሎ ወርዶ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ። አንዱ ሄዳለች ይላል፣ አንዱ አላውቃትም ይላል።

መናኸሪያው ጋ ከበርጩማው ተነስቼ ከወተት ሻጮቹ አንዷ ፊት ቆምኩ። «አካም ጅርቱ አዴ?» አለችኝ፣ ደህና ነዎት ወይ ስትል።

«ደህና። ከዶሎ በኩል ነሽ?»

«ከዚያ ነን፣ ድሮ ቤተሰባችን እዚያ ነበር።»

«ቦናያ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ? እኔ ሳየው ሕፃን ነበር፣ አሁን ሽበት ሳያወጣ አይቀርም።»

ሳቀች፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና። «አዴ፣ የትኛውን ቦናያ? በበጋ የተወለደ ሁሉ ቦናያ ነው።»

«የሎኮን ልጅ።»

«ሎኮም ብዙ ናት» አለችና በኩባያ ወተት ቀዳችልኝ። አፍንጫዬን አስጠግቼ ቆየሁ። ጭስ ጭስ ብቻ ነው የሚሸተው።